ከግድግዳው ወዲያ የሰጠሁት አገር

ልጅ ሳለሁ፣ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም በማይርቀው ግቢያችን፣ እንቆቅልሽ አቅቷት አገር ሰጥታ የማታውቅ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤታችን ጋሼ በላቸው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ የከሰል ምድጃቸውን ደጃፍ አውጥተው በቆሎ እየጠበሱ ተረት ያወሩልን ነበር፤ እኛም ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ በፋኖሱ ብርሃን አፋቸውን እያየን እንሰማለን።

አንድ ምሽት ግን ተረቱን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልዎ!»

«ራሱን በራሱ ሲያባዙት ኔጌቲቭ አንድ የሚሆን ቁጥር?»

አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲያም በትምህርት ብዙ አልገፋሁም። አንድን በአንድ አባዛሁ፤ አንድ። ኔጌቲቭ አንድንም በራሱ ሞከርኩ። ኔጌቲቭ ማለት ፊትን ወደ ኋላ ማዞር ነው ብለው ነግረውን ነበር፤ ታዲያ ሁለቴ ቢዞሩ መልሶ እዚያው! እሱም አንድ። ደሜ ፈላ።

«ኧረ ጋሼ፣ የሌለ ነገር ይጠየቃል እንዴ?»

«ካቃተሽ አገር ስጪኝ።»

«ዛሬ ተያዘች!» ብለው ልጆቹ አጨበጨቡ። አገር የተቀበለ ሰው እዚያ ገብቼ በላሁ ጠጣሁ እያለ፣ ሰጪውን በስድብ ሙልጭ አድርጎ ነው የሚጨርሰው። ያን ስድብ በነሱ ፊት ልሰማ? በፍጹም! እዚሁ አጠገባችን ያለውን አብነት ሰፈርን እንኳ አልሰጥም! ብድግ ብዬ፣ ከሳቸው ፊቴን ወደ ጎን ወደ ግድግዳው አዞርኩና ጮኽኩ፦

«ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ያለውን፣ ማንም ያላየውን አገር ይውሰዱ!»

ከግድግዳው ወዲያ ያለው የጎረቤት ሽንት ቤት ነበር።

ጋሼ በላቸው በቆሏቸውን ጣሉ። «አትነቃነቂ! ያንኑ መዞር አንድ ጊዜ ድገሚው።»

ደገምኩት። ጀርባዬ ወደ እሳቸው ሆነ።

«ይኸው! ሁለት ጊዜ ወደ ጎን ዞረሽ ወደ ኋላ ሆንሽ። ቁጥሩ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይደለም፤ ወደ ጎን ነው ያለው። መለስሽው!»

«ከመለስኩትማ አገሬን ይመልሱልኛ!»

«እሱንስ አልመልስም፤ አምሮኛል» አሉ እየሳቁ።

ዛሬ የወንድሜ ልጅ ይህንኑ ስታጠና እርሳሷን ወርውራ፣ «አክስቴ፣ ምናባዊ ቁጥር ነው እኮ፣ የለም!» ትለኛለች። ምናባዊ! በገዛ እግሬ የዞርኩበትን! ከወንበሯ አንስቼ ሁለቴ ወደ ጎን አዞርኳትና ጀርባዋን ሰጥታኝ ከቆመችበት ጎንበስ ብላ እርሳሷን አነሳች።

መርካቶ መሃል ሸክም ከፊት፣ ጋሪ ከኋላ ሲያጣብቀኝ ዛሬም ወደ ጎን እዞራለሁ፤ ሁሌም መውጫ አለ። ጋሼ በላቸው ግን አገሬን ሳይመልሱልኝ አረፉ፤ እስካሁን ያናድደኛል።