ከቡፌው ጀርባ የነበረው ሰዓት

ነገሩ የደረሰብኝ በፈረንጆች 2015 መጀመሪያ፣ ዝናብና ነፋስ በበረታበት ሳምንት፣ በእስራኤል ኔታንያ ከተማ፣ ነቬ ኢታማር ሰፈር በሚገኘው ቤቴ ነው። ቴሌቪዥን እምቢ ማለቱ በማንም ቤት የሚያጋጥም ነው። እኔ ግን ያን ምሽት ባሰብሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል፤ እምቢ ያሰኘሁት ራሴ ነበርሁና።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። የአማርኛ ፊደል በስደት መንገድ ላይ፣ ዕብራይስጥ ከጋዜጣ፣ የኤሌክትሪክ ነገር ደግሞ በምሠራበት ፋብሪካ ባለሙያዎቹን እያየሁ ነው የተማርሁት። ዕውቀት ለምኜ ያገኘሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ልጆቼ ቴሌቪዥን ፊት ተጋድመው ሲውሉ ማየት አልወድም።

በቤታችን ስርጭቱ የሚመጣው በረንዳ ላይ ከሰቀልሁት አንቴና ነው። ገመዱ ከቡፌው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ በተሰካች የአንቴና ማጠናከሪያ በኩል አልፎ ሜሚር ወደምንለው መቀበያ ሣጥን ይገባል። ማጠናከሪያዋ ኤሌክትሪክ ካጣች ሜሚሩ «ስርጭት የለም» ብሎ ይቀራል።

ይህን ስለማውቅ፣ አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ማጠናከሪያዋን በሰንበት ሰዓት ላይ ሰካኋት። የሰንበት ሰዓት ማለት፣ በሰንበት መብራት ስለማንነካ፣ በራሱ ጊዜ የሚያጠፋና የሚያበራ መሰኪያ ነው። እኔ ግን ለሌላ ሥራ አዋልሁት። ልጆቹ በሚያጠኑበት ጊዜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት፣ በየዕለቱ ስርጭቱን እንዲቆርጥ አደረግሁት። ልጆቹ ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ «የባሕሩ ነፋስ ነው» አልኋቸው።

የባሰው ይህ አይደለም። በምኩራብ ስለ ልጅ አስተዳደግ ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ «እኔ ቤት የሚቆለፍ ነገር የለም። ልጆቼ ቴሌቪዥኑን የሚተዉት በፈቃዳቸው ነው። ልጅን ማመን ነው!» እል ነበር። ሰውም ያምነኝ ነበር። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ የራሱን ልጆች ሲቆጣ «የአዱኛን ልጆች አታዩም?» ይላቸው ነበር።

ትልቋ ልጄ ሩት ያን ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የሰፈሩን ትንንሽ ልጆች ሰብስባ ታስጠናለች። የቴሌቪዥን ሰዎች ይህን ሰምተው መጥተው ቀረጿት። ዝግጅቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይተላለፋል ተባልን። ባለቤቴ ዘመድ ጠራች፤ አያ ታከለም ሚስቱን ይዞ ከሌላው ሰፈር ከኪርያት ሀሻሮን መጣ።

ከፋብሪካ ስደርስ ሳሎኑ ሞልቷል። ቴሌቪዥኑ «ስርጭት የለም» ይላል። አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ስለቀረው አልደነገጥሁም። «ታገሡ፣ አሁን ይመጣል» አልሁና ተቀመጥሁ።

አንድ ሰዓት ሆነ። አልመጣም።

ሜሚሩን አጥፍቼ አበራሁ። ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። በረንዳ ወጥቼ ዝናብ እየመታኝ አንቴናውን ወዲህና ወዲያ አዞርሁ።

«አዱኛ!» አለ አያ ታከለ ከውስጥ። «የሱዳንን በረሃ ስታቋርጥ ያልጠፋህ ሰውዬ፣ አንድ ሽቦ ላይ ጠፋህ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«እባክህ ጎረቤት ሄደን እንይ» አለች ባለቤቴ።

«የልጄን ፊት በሰው ቤት አላይም» አልኋት።

ውሃ ልጠጣ ወጥ ቤት ስገባ የማይክሮዌቩ ሰዓት ዜሮ ዜሮ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። «መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?» ስል ባለቤቴን ጠየቅኋት።

«ጠዋት፣ ለሁለት ሰዓት ያህል» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። የሰንበት ሰዓቱ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ስርጭቱ የሚመለሰው በሦስት ሰዓት፣ ሩት ታይታ ካለፈች በኋላ ነው።

መላው ቀላል ነበር፤ ቡፌውን ጎተት አድርጎ ማጠናከሪያዋን በቀጥታ ግድግዳው ላይ መሰካት ብቻ። ነገር ግን አያ ታከለ ወንበሩን ከቡፌው አስጠግቶ ተቀምጧል። እሱን አስነሥቼ ቡፌውን ብጎትት ሰዓቱ በዘመድ ሁሉ ፊት ሊታይ ነው። ስለዚህ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከንቱ መሆኑን እያወቅሁ ሜሚሩን ቻናሎቹን እንደ አዲስ እንዲፈልግ አዘዝሁት። ሰው ሁሉ ቁጥሩ ሲጨምር አፍጥጦ ያያል። እኔም አብሬ አፈጠጥሁ።

ሩት በሩ ላይ ቆማ ነበር። የምታየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እኔን ነው። አንዴ የእጅ ሰዓቷን ተመለከተች፤ ከዚያ መጣች።

«አጎቴ፣ አንዴ አሳልፈኝ» አለችና እጇን በቡፌውና በግድግዳው መካከል እስከ ትከሻዋ ሰደደች። በዳበሳ አንድ ነገር ነካች፤ ቀጭ አለ። እኔ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። የሰዓቱ በእጅ ማብሪያ ነው።

ፍለጋዬ ግን የነበሩትን ቻናሎች ደምስሷቸው ስለነበር ፍለጋውን እንደ ገና መጀመር ግድ ሆነ፤ ያ ሲያልቅ ዝግጅቱ ከተጀመረ ቆይቷል። ሥዕሉ ሲመጣ ልጄ ከአንዲት ሕፃን ጋር ስትስቅ ታየች። ወዲያው ማስታወቂያ ተከተለ። አለቀ።

«ምን ሆኖ ኖሯል?» አለ አያ ታከለ።

«ገመዱ ላልቶ ነው» አለች ሩት።

ውሸት እንዳትናገር ገሥጬ ያሳደግኋት ልጅ ለእኔ ስትል ዋሸች።

እንግዶቹ ሲሄዱ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አልኋት።

«ካለፈው ዓመት የፔሳህ በዓል ጽዳት ጀምሮ። ቡፌውን ጎትቼ ስጠርግ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን አላበራሽውም?»

«ለምን አበራዋለሁ? በዚያ ሰዓት እኮ አጠናለሁ» አለች፣ የጠየቅኋት ነገር ገርሟት። ከዚያ «የባሕሩ ነፋስ ግን፣ አባ...» ብላ ሳቀች። ሳቋ አልቆየም። «እነሱ ባያዩኝ ምንም አልነበረም። አንተ እንድታየኝ ነበር የፈለግሁት።»



በምኩራብ ስናገረው የኖርሁት ለካ እውነት ኖሯል። ልጄ በአንድ ጣት ልታበራው ስትችል፣ ከፔሳህ እስከዚያ ምሽት ድረስ አልነካችውም። ልጄን ያላመንሁት እኔው፣ ስለ እምነት ሰውን የምመክረው አባት ነበርሁ።

በሚቀጥለው ሰንበት ለአያ ታከለ ነገርሁት። ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም። «እኔማ ልጆቼን በአንተ ልጆች ስንት ጊዜ አሳቀቅኋቸው» ብቻ አለኝ። ሰዓቱ ዛሬ የሰንበት ምግብ በሚሞቅበት ምጣድ ላይ፣ ለተሠራለት ሥራ ተሰክቷል።

አንዳንድ ጊዜ መንገድ ላይ ሰው ያስቆመኛል። «ልጅህን በቴሌቪዥን አየናት፤ እንዴት አድርጋ ተናገረች!» ይለኛል። «ይመስገን» እላለሁ። ምን እንዳለች ግን አላውቅም። ልጠይቃት ስነሣ ያ ከቡፌው ጀርባ የነበረው ሰዓት ትዝ ይለኛልና እተወዋለሁ።