ወገብ ላይ የሚያበቃው ጃኬት

እርጥብ ሱፍ በሸተተኝ ቁጥር፣ አውቶቡስ ውስጥም ይሁን ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ያ የኖርዝላንድ አፓርታማችን ሳሎን ይመጣብኛል። ሽታው የወንድሜ የዮናስ ኪልት ነው። ኪልት የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት፣ እጥፋቱ ብዙ የሆነ፣ ጉልበት ላይ የሚያበቃ ጉርድ ሲሆን፣ በረዶ ነክቶት ማሞቂያው አጠገብ ሲሰጣ ዝናብ እንደመታው በግ ይሸት ነበር።

ኮሮና የገባ ዓመት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁላችንም ላፕቶፕ ላይ ተተክለን ስንውል፣ የአሥራ አምስት ዓመቱ ዮናስ ከክፍሉ መውጣት አቁሞ፣ ሲጠሩትም በሩን ሳይከፍት «አይም ፋይን» እያለ አባቴን ያስጨንቀው ነበር። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ የስኮትላንድ ከበሮና ባግፓይፕ የሚባለውን ባለ ከረጢት ዋሽንት የሚጫወት የወጣቶች ቡድን ሰብስበው መኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ማለማመድ ጀመሩና ዮናስ ከበሮ መቺ ሆኖ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲደርስ ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነሳ ነበር። እናቴ የመጣላትን ሁሉ የምትናገር ሰው ነበረችና ኪልቱን መጀመሪያ ያየች ዕለት «እኔ የወለድኩት ወንድ ልጅ ነበር እኮ» አለች። አባቴ ግን ሳቁ አመለጠውና «ተዪው ባክሽ፣ ከክፍሉ ያውጣልኝ እንጂ መጋረጃም ይልበስ» አላት።

ጣጣው የመጣው ከብርዱ ጋር ነው። እናቴ ብርድ በጉልበትና በወገብ ይገባል ብላ ታምን ነበር። ንፋስ ደግሞ ከብርድም የባሰ ጠላቷ ስለነበር መስኮቶቹን ከጥቅምት ጀምራ በፕላስቲክ ለጥፋ፣ የበሩን ስር በፎጣ ወትፋ፣ መኪና ውስጥ እንኳ አንዳችን መስኮት ዝቅ ካደረግን «ልትገድሉኝ ነው?» ትለን ነበር። ስለዚህ ለዮናስ ከኪልቱ በላይ የሚደረብ ልብስ ልንገዛ አራታችንም ሞርስ ሮድ ላይ ወዳለ ያገለገሉ ልብሶች መደብር ሄድን። እሱም ልኩን እንዲያይ ኪልቱን እንደለበሰ ነበር የመጣው።

እናቴ ባት ድረስ የሚወርድ ጥቁር ካፖርት አንስታ ደረበችበትና እስከ ታች ቆለፈችለት። ዮናስ መስታወቱን አየና ፊቱ ቀላ።

«ማም፣ ኖ! ከስር ምንም ያልለበስኩ ነው የምመስለው። ከበሮውም ጭኔ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ካፖርቱ ይይዘኛል።»

«ይምሰል! ማን ያይሃል? ብርድ አይግባብህ እንጂ።»

አባቴ ከመስቀያው ላይ ወገብ ላይ የሚያበቃ ወፍራም የሱፍ ጃኬት አውርዶ «እስቲ ይሄን ትራይ አድርገው» አለው። ዮናስም ለብሶት በልብሶቹ መሐል እየተራመደ በባዶ እጁ አየሩን እንደ ከበሮ ሲመታ፣ ኪልቱ ከኋላው ወዲያና ወዲህ ሲል፣ አባቴ እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ጀግና እንዳየ ሰው ያየው ነበር። «ይሄ ነው። ረጅም ካልሲ ይጨመርበታል፣ አለቀ» አለ። እናቴ «እሺ፣ ብርዱ ሲገባበት እናያለን» ብላ ቀድማን ወደ መኪናው ሄደች።

በረዶው ጠንክሮ በወደቀበት ሰሞን ቡድኑ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ደጃፍ ላይ ተጫወተ፤ ከቤተሰብ ተለይተው የተዘጋባቸው ሽማግሌዎች በመስኮት ያዩ ነበር። እናቴና እኔ መኪና ውስጥ ስንቀር አባቴ ወጥቶ፣ በረዶው ጫማውን እስኪውጠው ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። ዮናስ ጉልበቱ ቲማቲም መስሎ ወደ መኪናው ሲመለስ ስቆ እያወራ ነበር፤ ከስንት ወር በኋላ ሲስቅ ሳየው እኔም ያለምክንያት ሳቅኩ።

ብዙም ሳይቆይ ማሳል ጀመረ። እናቴ «ብርድ መታው» አለች። ኮሮናን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ የገዛነውን ሙዝ ሳይቀር በሳሙና የምታጥብ እሷ ነበረች። ኮሮና ለእሷ ሩቅ ካለ ሰው የሚመጣ ነገር ነበር፤ ልጇን የያዘው ግን ብርድ ነው፣ የብርድ መድኃኒቱም ሙቀት ነው። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልታ፣ ደረቱን በቪክስ አሽታ፣ የሚሞቀው ሳሎኑ ነው ብላ ፍራሾቹን አውጥታ አራታችንንም እዚያ አስተኛችን። አባቴ ኦቤትስ በሚባል ሰፈር ካለ መጋዘን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ ውሎ ሲመጣ ዮናስ እግር ስር ይቀመጥና እግሩን በመዳፉ እያሸ ያስቀው ነበር። ደስ የሚል ሙቀት ነበር፤ ሳስታውሰው የሚያመኝም እሱ ነው።

ዮናስ ዳነ፣ አባቴ ወደቀ። አምቡላንስ ወሰደው፣ ሆስፒታሉ እኛን አላስገባንም፤ ነርሷ በያዘችለት ስልክ ፊቱን እያየን ከረምንና የካቲት ሳያልቅ ሞተ። ሰው ምግቡን በራችን ላይ እያስቀመጠ ይመለስ ስለነበር ለቅሶው በስልክ ሆነ። «ምን አገኘው?» ብለው ሲጠይቋት እናቴ እየተንሰቀሰቀች «ልጁ ጉልበቱን አራቁቶ በረዶ ላይ ውሎ ብርዱን ይዞበት መጣ» ትል ነበር። ለደወለ ሁሉ እንዲሁ ትል ነበር፤ ዮናስም ከስሱ ግድግዳ ወዲያ ሆኖ ሁሉንም ይሰማ ነበር።

የቀብሩ ዕለት ዮናስ በሸሚዝ ብቻ ወጣ። እናቴ ደርብ ብትለው ቀድሟት መኪናው ውስጥ ገባ። ተራርቀን መቃብሩ ዳር ስንቆም ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኝ ነበር። እናቴ የገዛ ካፖርቷን አውልቃ ልታለብሰው ስትጠጋ ወደኋላ ሸሸ፤ እሷም መልሳ ሳትለብሰው፣ ካፖርቷን እንዳቀፈች፣ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ ሁለቱም በብርድ ቆሙ። እኔ በዚያች ሰዓት ሁለቱንም ጠልቻቸው ነበር።

ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡ ከአባቴ ጋር ይሠሩ የነበሩት ጋሼ ታደሰ መጥተው፣ አልገባም ብለው ደጅ እንደቆሙ አባቴ ሥራ ላይ ማሳል ከጀመረ በኋላ ነው ልጁ የታመመው ብለው ነገሩን። «በእኛ ሺፍት ከሚሠራው ሰው ግማሹ ታሞ ነበር። ቤቴ እንዳይሰማ፣ ቅዳሜ ዮኒ ይጫወታል፣ ካላየሁት ይከፋዋል ብሎን ነበር» አሉ። እናቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከኋላዋ ቆሞ የነበረው ዮናስ «ኦኬ» ብሎ ወደ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። ቡድኑን ተወ። በበጋው ሰው ቤታችን መግባት ሲጀምርና ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቃት እናቴ «በሽታው ነው» ትል ጀመር። ለእሱ ግን ምንም አላለችውም።

አሁን እኔ በራሴ ቤት፣ በረዶም ቢሆን፣ መስኮቴን ገርበብ አድርጌ ነው የምተኛው። ዮናስ ዳላስ ይኖራል። ባለፈው ገና መጥቶ ሦስታችን ጠረጴዛ ከበን ሳለ እናቴ እጁን ያዘችና «ዮኒዬ፣ ያኔ እኮ…» ብላ ጀመረች። እሱም ስልኩን አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ፣ እንደ ልጅ ጠበቃት። እናቴ እጁን ለቀቀችና ጭልፋውን አነሳች። ከዚያ «ምሳ ልጨምርልህ?» አለችው።

«ኖ፣ በቃኝ እማ» አላት።

ልጆች ሳለን እናቴ የመጣላትን ሁሉ ትናገር ነበር። አሁን ቃሉን ከአፏ ሳይወጣ ትመልሰዋለች፤ መውጣት የነበረበትንም ጭምር።