ሰው ሲወርድ የሚነሳው ፒካፕ

ሸዋሮቢት ጋራዥ የገባሁት ሬዲዮ መጠገን እንጀራ አላበላ ሲለኝ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዋናው መካኒክ ጋሽ ታደሰ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር አስጨበጡኝና፣ «የተጫነ መኪና እንዳትነካ። መጀመሪያ ይራገፍ» አሉኝ። ጭነት ተንሸራቶ ሰው ሲጎዳ አይተዋል። እኔም ለዓመታት እንደ ሕግ ያዝኩት።

ሰይድ የመጣው የኤሌክትሪክ ክፍሉ ኃላፊ ከሆንኩ በኋላ ነው። ቀወት ወረዳ ውስጥ ማሾና ሽንኩርት ያመርታል። ያለችው ሀብት አንድ አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ነበረች።

«ጋሼ፣ የነዳጅ ጌጁ ይዋሸኛል» አለኝ። «ሩብ እያሳየ መኪናው ቀጥ ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ወሯ ገብቷል። ሐኪም ቤት ሳልደርስ መንገድ ላይ ብንቀርስ?»

ታንከሩን ሙላው እንዳልለው ቤንዚን እንደልብ አይገኝም።

ከታንከሩ ወደ ጌጁ የሚሄደውን ሽቦ ነቀልኩ፤ ቀስቱ ወደ ባዶ ወረደ። ሽቦውን ከቦዲው ጋር አነካካሁት፤ ወደ ሙሉ ወጣ። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ ደህና ነው። ታንከሩ ውስጥ ሆኖ የቤንዚኑን ከፍታ ለጌጁ የሚነግረውን ተንሳፋፊ አውጥቼ ከላይ እስከ ታች እያንቀሳቀስኩ በቴስተር ለካሁት፤ ንባቡ አንድም ቦታ አልዘለለም። በመጨረሻ ቤንዚኑን ቀድቼ በሊትር እየለካሁ መለስኩት። ቀስቱ ከሊትሩ ጋር ልክ ነው።

«ምንም የለውም» ብዬ ሸኘሁት። በሳምንቱ ተመለሰ። እንደገና ፈትሼ እንደገና ሸኘሁት። እንዲያውም «ጌጅ ማንበብ ተማር» ብዬዋለሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አልተቆጣም።

«ወላሂ አልዋሸሁዎትም ጋሼ። ትናንት ካራቆሬ ለቅሶ ስንሄድ ቆመ። ሰው ሊገፋ ወረደ። ገና ሳይገፉት ተነሳ።»

«ቤንዚን ሳትጨምሩበት?»

«ጠብታ አልጨመርንም! ሽማግሌዎቹ ጂን አለበት አሉ።»

የዚያን ቀን ምሳዬን ረሳሁ። ሰው ሲወርድ የሚለቅ ጂን ምን ዓይነት ጂን ነው? ከመኪናው የተቀነሰው ነገር ክብደት ብቻ ነው።

ሞተሩን አስነሳሁና ተራ የሚጠብቁትን ሾፌሮች ጠርቼ አሥር ሰው ኋላ አሳፈርኩ። ሳቁብኝ። ጭነት የሚሸከመው የደከመ የኋላ ባሌስትራ ተኛ፤ የመኪናው አፍንጫ ቀና አለ። ባዶ አጠገብ የነበረው ቀስት ቀስ እያለ ወጥቶ ሩብ ላይ ቁጭ አለ። ሞተሩ ትንሽ ሠርቶ ጠፋ።

«ውረዱ!» አልኩ። ቀስቱ ወረደ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ተነሳ። እንደ ልጅ ጮህኩ።

ከዚያ ከሥር ገብቼ አየሁ። ታንከሩ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። ተንሳፋፊው ከኋላ ጫፍ፣ ቤንዚን የሚስበው ቱቦ ከፊት ጫፍ ተቀምጠዋል። ሰው ሲጫን ቤንዚኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጌጁ ብዙ ነዳጅ ያያል፣ ቱቦው ግን አየር ይስባል። እኔ ሁለት ጊዜ የፈተሽኩት ባዶ መኪና ነው።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። በነሰይድ ሰፈር ምጥ የያዛትን ሴት ብቻዋን የሚልክ ጎረቤት የለም፤ መኪናው እስኪሞላ ይወጣል። ይህ ፒካፕ የሚቆመው በዚያው ቀን ነበር። «ምንም የለውም» ብዬ የሸኘሁት ለዚያ ቀን ነበር።

ትክክለኛው ታንከር እስኪገኝ ሦስት ቀን ፈጀ። ባሌስትራም አስጨመርን። ሾፌሮቹን እንደገና አሳፍሬ ዳገት ወጣን፣ ወረድን። ቀስቱ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ከአሥር ቀን በኋላ ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ሴት ልጅ! አልሐምዱሊላህ!»

«መኪናውስ?»

«አሥራ ሦስት ሰው ጭኜ አንዴም አልቆመም።»

ስልኩን ዘግቼ ጥግ ላይ አለቀስኩ።

ለእናንተ ለባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። መኪናን በሚበላሽበት ሁኔታ ፈትሹት። ተጭኖ የሚበላሽ ከሆነ፣ ጭናችሁ ፈትሹት።