የወንድሜ የወራት ቆጠራ

የያዙን ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው፤ እኔን ከቤት፣ ታላቅ ወንድሜን ሓድነት ሰፈር ከሚሠራበት ጋራዥ። ወረቀት በትናችኋል ተባልን። እዚያው መቐለ አንዲት ክፍል ውስጥ አስገቡን። የሲሚንቶ ወለል፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ቀዳዳ፣ ዘጠኝ ሰው። ጠያቂ የተከለከለ ነው። ምግብና የታጠበ ልብስ ግን በር ላይ ይቀበሉ ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል አልከፋኝም። ወንድሜ ካገባ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእኔ ጊዜ አልነበረውም። እዚህ ግን አንድ ብርድ ልብስ እንለብሳለን፣ ከአንድ ሳህን እንበላለን። እንደ ድሮው የእኔ ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ጎረቤታችንን አስረው አመጡት። ሳይቀመጥ ወንድሜን አቀፈው።

«እንኳን ደስ ያለህ! ትናንት የልጅህ ክርስትና ላይ ነበርን።»

ሌላ ሳይጨምር ጠባቂዎች የጎረቤታችንን ስም ጠርተው ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱት።

ወንድሜ ሚስቱ ማርገዟን እንኳ አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ከተያዝን አሥራ አንድ ወር ተኩል ነው» አለኝ። «ክርስትና በአርባ ቀን ነው። ስለዚህ የተወለደው ከተያዝን አሥር ወር አልፎ ነው። አንተ ተምረሃል። ዘር ማህፀን ውስጥ አድፍጦ ይቆያል?»

አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለታላቅ ወንድም ማስረዳት ያሳፍራል። ግን ጣቴን ውሃ ነክሬ ወለሉ ላይ ሣልኩለት። ዘር የሚሠሩት ሁለቱ ቆለጦች፣ ዘሩ የሚወጣበት ቱቦ። ከጎኑ ማህፀን፤ ግራና ቀኝ እንቁላል የሚለቁት ሁለቱ እጢዎች፣ ከእነሱ ወደ ማህፀን የሚወስዱት ቱቦዎች።

«በወር አንድ እንቁላል ትወጣለች፤ የምትቆየው አንድ ቀን ያህል ነው። የወንዱ ዘር ቢበዛ አምስት ቀን። ቱቦው ውስጥ ከተገናኙ ፅንሱ ወርዶ ማህፀን ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ነው። ካልተገናኙ ሁለቱም ይሞታሉ።»

«አይጠብቅም?»

«አይጠብቅም፣ ሓወይ፣ ወንድሜ።»

አብረውን የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የወሎ ሙስሊም፣ ነጋዴ። «አንተ አዋላጅ!» አሉኝ። «እኔ ሰባት ስወልድ ይህ ሁሉ ቧንቧ መኖሩን ማን ነገረኝ?» ሰዉ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም። ሥዕሉ ደረቀ።

ከዚያ ቅናቱ ያዘው። ሚስቱ ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ተማሪ የሚበዛበት ካፌ ነው የምትሠራው። የላከችውን ሸሚዝ አሸተተ።

«ይሄ ሳሙና የእኛ አይደለም። ማን ገዛላት?»

ምግቧን ገፋው። ሳህኑን ወደ እኔ ስቤ ብቻዬን በላሁ። ውስጤን ደስ የሚያሰኝ ነገር ተሰማኝ፤ ምን እንደሆነም አውቄዋለሁ።

በማግስቱ ፀሐይ ሊያሞቁን ሲያወጡን ሽማግሌው ጠየቁኝ። «እኛ በሰባት ቀን ነው ስም የምናወጣ። እናንተ ለሴትም አርባ ነው?»

«ለሴት ሰማንያ ነው» አልኩና በልቤ መቁጠር ጀመርኩ።

ከአሥራ አንድ ወር ተኩሉ ሰማንያ ቀን ሲቀነስ ዘጠኝ ወር ገደማ ይመጣል። የተወለደችው ሴት ከሆነች የወንድሜ ናት። እሱ ወንድ ልጅ ስለሚመኝ አርባውን ብቻ ነበር ያሰበው።

አልነገርኩትም። ያን ቀንም፣ በማግስቱም። ከነገርኩት ልቡ ወደ ሚስቱ ይመለሳል ብዬ ቀናሁ።

በሦስተኛው ቀን ድምፅ ሳያሰማ ሲያለቅስ አየሁት። ነገርኩት።

በጣቶቹ እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ነጭ ካናቴራውን አውልቆ በጥርሱ ቀደደው። ሽማግሌው የደበቋትን መርፌ አውጥተው፣ «አብሽር፣ ስፋ» አሉት። ትንሽዬ፣ ጠማማ ልብስ ሰፋ። የቆሸሸ ልብስ በሚወጣበት ቀን ከእኛው ጋር አደረጋት። ጠባቂው አነሳት።

«ይሄ የማን ነው?»

ወንድሜ ቀጥ ብሎ ቆመ። «የልጄ ነው። ሴት ናት።»

«ማን ነገረህ?»

«አባቷ ነኝ።»

ጠባቂው ትንሽ አየውና መልሶ ከልብሶቹ መሃል ከተታት።

ሴት ነበረች። ወንድሜ ግን አላያትም። እዚያው እያለን ታመመ፤ ሐኪም ሲመጣ መሽቶበት ነበር፤ ሞተ።

ልጅቷ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ስለ አባቷ በጠየቀችኝ ቁጥር የዚያችን ልብስ ነገር እነግራታለሁ፤ ደጋግማ ታስወራኛለች። ወንድሜ አባት መሆኑን አምኖ የኖረው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ሃያ አንድ መሆን ነበረበት፤ ሁለቱን የወሰድኩበት እኔ ነኝ። ይህን ገና አልነገርኳትም።