የሙሽራው እናትና የላፕቶፑ ፕሮሰሰር

ብቸና ላይ ፎቶ ቤት በነበረኝ ዘመን አዲስ ካሜራ ገዝቼ ከላፕቶፔ ጋር ተጣላሁ። ካሜራው የቀሚስ ጥልፍ ክር በክር የሚያሳይ ነበር። ላፕቶፑ ግን ያን ያህል ጥራት የሚሸከምበት አቅም አልነበረውም። የሰርግ ቪዲዮ ስከፍትበት ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ይቆማል። ዘፈኑ አልቆ ሌላው ሲጀመር ሙሽራው ገና አንድ እግሩን እንዳነሳ ነው። ማራገቢያው ይጮሃል፣ ሥሩ ይግላል፣ ከዚያ ድርግም ይላል። እሰድበው ነበር። አንዳንዴም በጥፊ እለው ነበር፤ የሰው ንብረት ቢሆን ኖሮ አልደፍረውም ነበር።

በዚያ ጥር ከቀረፅኳቸው ሰርጎች አንዱ ሰፈራችን ያሉ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ልጅ ሰርግ ነበር። ያላቸው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ቆላ ወርዶ መንገድ ሥራ ላይ ማሽን ይነዳል። ሙሽራዋን ከሞጣ አመጣት፣ ተደገሰ፣ ተጨፈረ። ከመልሱ በኋላ ቤት እስኪያገኝ ብሎ እሷን ቤተሰቦቿ ዘንድ ትቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። እናትየው ቪዲዮው መቼ እንደሚደርስ ሲጠይቁኝ፣ እንደ ባለሙያ ሁሉ፣ በቅርብ አልኳቸው።

ጾሙ ከገባ በኋላ አንድ ከሰዓት የእናትየው ወንድም ወደ ፎቶ ቤቱ መጣና በሩን ከኋላው ዘጋው። ፎቶ ሊነሳ መስሎኝ ወንበሩን ሳስተካክል፣ ተወው አልቀመጥም አለኝ። ልጁ ሥራ ላይ እንዳለ አደጋ ደርሶበት ሞቷል። እሱና ሌላው የእናትየው ወንድም ሄደው እዚያው ቀብረውት መመለሳቸው ነበር። ሞጣ ያለችው ሙሽራ ተነግሯት ጥቁር ለብሳለች። እናቱና እህቱ ግን አልሰሙም። እህቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ገብቷል፣ የምትኖረውም ከእናቷ ጋር አንድ ግቢ ነው። ለአንዷ ተነግሮ ከሌላዋ የሚደበቅበት መንገድ ስለሌለ፣ ዘመድ መክሮ መርዶው እህትየዋ እስክትገላገል ይቆይ ተባለ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ተገኘ አይነገርም። ቀን ይመረጥለታል፣ የሚናገረው ሰው ይመረጣል፣ ዘመድ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳል። እስከዚያ የሰማ ሁሉ እንዳልሰማ ሆኖ ይኖራል። ሰውየው ከእኔ የፈለገውም ይህንኑ ነበር።

«ቪዲዮውን እንዳትሰጣት። እልል ስትልበት ቆሜ ማየት አልችልም። ማሽኑ ተበላሽቷል በላት።»

«ተበላሽቷል እኮ፣ ጋሼ» አልኩት።

ሳላስበው ያመለጠኝ እውነት ነው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ።

በሳምንቱ እናትየው መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ፎቶ የሚነሳበት ወንበር ላይ ተቀመጡና ማሽኑ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እንዲያው ተበላሽቷል ማለት አቃተኝና ነገሩን ከነዝርዝሩ አስረዳኋቸው። ፕሮሰሰር የሚባል ነገር አለ፣ የማሽኑ አንጎል በሉት፣ የእኔው ደክሟል። ሞጣ ያለ አንድ ጠጋኝ ከሌላ የተጣለ ላፕቶፕ ፈትቶ ያስቀመጠው ፈጠን ያለ ፕሮሰሰር አለ። እንዲህ ያሉ የድሮ ላፕቶፖች ፕሮሰሰራቸው ተነቅሎ በሌላ ይተካል። ግን ጠጋኙ ራሱ በስልክ አስጠንቅቆኛል፤ አዲሱ ይበልጥ ስለሚግል ማራገቢያው ላይችለው ይችላል፣ ማዘርቦርዱ፣ ማለት ሁሉ ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ፣ አልቀበልም ሊል ይችላል፣ አንዳንዱም አንዴ ከተከፈተ ጭራሽ አይነሳም። እኔ ደግሞ ሌላ ላፕቶፕ የለኝም፣ ሌላ መተዳደሪያም የለኝም።

በጥሞና ሰሙኝና፣ «እንግዲህ አስብበት፣ ልጄ» ብለው ሄዱ።

ከጥር ጀምሮ ልቀይረው አልቀይረው ስል ነበር የከረምኩት። አሁን ግን ማመንታቴ ለዘመዶቹ ውለታ ሆነ። እኔ ካልወሰንኩ ቪዲዮው አይደርስም፤ ቪዲዮው ካልደረሰ ማንም ምንም ማድረግ የለበትም። መወላወል እንዲህ የሚያስመሰግን ሥራ ሆኖ አያውቅም።

እሳቸው ግን አልተዉኝም። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ እያሉ፣ ያ አንጎሉ እንዴት ሆነ ይሉኛል። ከመምጣታቸው በፊት መምጣታቸውን በመስታወቱ አውቀው ጀመር። ማዶ ያለው ሻይ ቤት ቴፑን ይቀንሳል። ደጃፍ ላይ የሚሳሳቁት ሴቶች ዝም ይላሉ፤ ሰላምታቸውም ከወትሮው ይረዝማል፣ እጃቸውን ቶሎ አይለቁም። ሰፈሩ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ እኒህን ሴት ያሳልፋቸዋል። እኔም የማውቀው ነገር ፊቴ ላይ የሚነበብ ይመስለኛል።

አንድ ጠዋት ለራሴ ልሞክረው ብዬ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ከበሮው ይመታል፣ ጭብጨባው ይሰማል፣ ሙሽራው ግን አፉን ለሳቅ እንደከፈተ ቆሞ ያየኛል። አልተንቀሳቀሰም። ማራገቢያው ሲጮህ ክዳኑን ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ላፕቶፑን ከመክፈቴ በፊት አማትብ ጀመር።

ከዚያ በኋላ እናትየው የመጡ ዕለት በሩን የዘጉት ራሳቸው ናቸው። አልተቀመጡም።

«ልጄ የት እንዳለ ታውቃለህ፣ አይደል?» አሉኝ።

ዓይኔን ወደ ላፕቶፑ ዞር አደረግኩ።

«አትንገረኝ። እንድትነግረኝ አይደለም የመጣሁት።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሌላ ሰው ነገር እንደሚያወሩ ሁሉ፣ ያዩትን ነገሩኝ። እሑድ እሑድ የሚደውለው ልጅ መደወል ካቆመ ቆይቷል። ወንድሞቻቸውን ሲጠይቁ አንዱ ኔትወርክ የለም ይላል፣ አንዱ ስልኩ ጠፍቶበታል ይላል። ጺሙን ለዓመት በዓል እንኳ በግድ የሚላጨው ወንድማቸው ሰሞኑን እሳቸው ዘንድ ሲመጣ ሁልጊዜ ተላጭቶ ነው፤ ጺሙን ያሳደገ እንደሆነ ሐዘኑ ይታወቅበታላ። ምራታቸውን ለማየት ሞጣ ልሂድ ባሉ ቁጥር አንድ ምክንያት ይመጣል።

«ዛሬ የሙሽራ እናት ነኝ» አሉኝ። «የነገሩኝ ቀን ግን ሌላ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲያ ይህን ቪዲዮ ባየው አለቅስበታለሁ እንጂ እልል አልልበትም። ሳይነገረኝ ሲጨፍር ልየው።»

«እህቱስ?» አልኳቸው።

«እስክትገላገል እኔ የማውቀው ነገር የለም። አንተም አላሳየኸኝም።»

 እህትየዋ ልትወልድ ዛሬ ነገ ስትል ናት። ፕሮሰሰሩን ካልቀየርኩ ቪዲዮው ከመርዶው በፊት አይደርስም። ብቀይረውና ባይነሳ ደግሞ እኒህ ሴት የሚያዩት ነገር አይኖርም፣ እኔም ሱቄን ዘግቼ መቀመጤ ነው። በማግስቱ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልዬ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ ጉልበቴ ላይ አቅፌው ነበር። ሞጣ መናኸሪያ ስወርድ ጥቁር የለበሰች ወጣት ባየሁ ቁጥር ሙሽራዋ እየመሰለችኝ አንገቴን እደፋለሁ።

ጠጋኙ ብሎኑን ሁሉ ፈትቶ፣ የኔን አሮጌ ፕሮሰሰር ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከክብሪት ቀፎ ያነሰች ነገር ናት። ሌላውን ተክቶ፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት ቀብቶ ገጠመው። የማብሪያውን ቁልፍ ሲጫነው መብራቷ በራች፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ጠጋኙ እንደገና ፈትቶ፣ ነቅሎ፣ መልሶ ተከለው። አሁንም ጥቁር ነው። ከዚህ በኋላ የሚሞክረው ሲያጣ ሜሞሪውን አውጥቶ አጽድቶ መለሰውና አንዴ እንደገና ቁልፉን ተጫነው። እኔ ወደ ደጅ ዞሬያለሁ። ማራገቢያው ሲነሳ ሰማሁት።

ሙቀቱን እንድፈራና ረጅም ሥራ እንዳላሠራው አስጠነቀቀኝ። የቀረኝ አንድ ሥራ ነው አልኩት።

ብቸና ተመልሼ ምርቃቱንና ጭፈራውን ብቻ ቆራርጬ ገጣጠምኩ። ላፕቶፑ ፈጠነ፣ ግን እንደ ምድጃ ጋለ። የፕላስቲክ ሽታ ሲመጣ ከሥሩ ጡብ አስገብቼ በካርቶን አራገብኩለት። መብራት እንዳይጠፋ እየተሳቀቅኩ፣ ሥራው አልቆ ሲዲው ላይ እስኪጻፍ ድረስ ከአጠገቡ አልተነሳሁም።

እናትየው መጡ። በሩን ዘጋሁ፣ ድምፁን ቀነስኩ። መጀመሪያ ሙሽራው ጉልበታቸውን ስሞ ሲመረቅ አዩ፤ ከንፈራቸው ከቪዲዮው ጋር አብሮ ይመርቅ ነበር። ጭፈራው ሲመጣ ከወንበሩ ተነሱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ልክ እንደ ሰርጉ ቀን። ልጃቸው ትከሻውን ሲሰብቅ እሳቸውም ሰበቁ። ከዚያ እልል አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ነው እልል ያሉት፤ ጾም ነው፣ መንገደኛ ይሰማል። እንባ አልነበራቸውም። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሲያልቅ ነጠላቸውን ፈትተው እንደ ወትሮው ለበሱ። ሲዲውን ስሰጣቸው እኔው ጋ እንዲቀመጥ ነገሩኝ። ላፕቶፑም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ፋሲካን ሳያይ ተቃጠለ።

እህትየዋ ሴት ልጅ ወለደች። ዘመድ ጥቂት ቀን ጠበቀና መርዶው ተወሰነ። ሰው እንዲበዛ እኔም ተጠራሁ። ጎህ ሲቀድ ጋቢያችንን ተከናንበን ደጃቸው ቆምን። ቃሉን እንዲናገር የተመረጠው ያው ወንድማቸው ነበር። ለማንኳኳት እጁን ሲያነሳ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘው። እናትየው ውስጥ አልጋቸው ጫፍ ላይ ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ግቡ» አሉ። «አልዘጋሁትም።»

ሰውየው ስንት ቀን ያዘጋጀው ቃል ጠፋው። እግራቸው ሥር ወደቀ። እሳቸው ራሱን ወደ ጭናቸው ሳብ አድርገው የተላጨ ጉንጩን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ይህን ሁሉ ቀን ሳታለቅስ እንዴት ቻልከው?» አሉት።

የጮኹት ከዚያ በኋላ ነው።