የጠዋቷ ኪኒን

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አፉ ድረስ የሞላ ብርጭቆ ይዘው ቢሳፈሩ ጠብ አይልም። ተሳፋሪዎቹ «ለስላሳው» ብለው ስም ያወጡለት በዚሁ ነው። እሷ ግን ቤት ውስጥ ሲነጫነጭ ስትሰማው፣ «ለስላሳስ ለስላሳ ነህ፣ ጋዝህ በዛ እንጂ» ትለዋለች፤ እሱም የግዱን ይስቃል።

በሽታውን መጀመሪያ የነገራቸው ጫማው ነው። ማታ ሲገባ አልወልቅ ይላል፤ እሷ ከምትሰፋው መጋረጃ ተነስታ ተንበርክካ ትጎትትለታለች። የካልሲው ጠርዝ እግሩ ላይ ቦይ ቆፍሮ ይገኛል። ቀጥሎ በአንድ ትራስ መተኛት አቃተው፤ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ፣ «ውጪ ጠብቂኝ፣ ሕፃን አይደለሁም» ብሏት አንዲት ወጣት ዶክተር ዘንድ ብቻውን ገባ። ሲወጣ ልቡ መድከሟን ነገራት፤ ከያዛቸው መድኃኒቶች መካከልም አንዲት ትንሽ ነጭ ኪኒን አሳያት። በየጠዋቱ ሲውጣት በሰውነቱ የተጠራቀመውን ውሃ ታስወጣለታለች።

አስወጣችለትም። በሳምንቱ ጫማው ያለ ጉተታ ወለቀ፤ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት እንደ ድሮው ብቅ አለ። ነገር ግን ኪኒኗ የአውቶቡስ መስመር አታውቅም። ከተዋጠች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሽንት ቤት ታስሮጣለች፤ ሽንት ቤት ያለው ደግሞ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው። አንድ ቀን ቢጨንቀው ሰው እንደጫነ ነዳጅ ማደያ ገብቶ አቆመ። እየሮጠ ሲወርድ አንዲት ባልቴት ከኋላው፣ «ልጄ፣ ልትቀዳ ነው ልትደፋ?» አሉት። አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሲመለስ አብሮ ሳቀ። ቤት ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት ግን አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ኪኒኗን የእረፍት ቀን ብቻ ይውጣት ጀመር።

ዋግምት የሚያደርገውንና የቅጠል መድኃኒት የሚሰጠውን ሰው የጠቆመው አንድ የሥራ ባልደረባው ነው። ክፍሉ ከጫማ መሸጫ በላይ ነው፤ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ። ሰውየው አልቸኮለም። እንቅልፉን ጠየቀው፣ የሟች አባቱን ጠባይ ጠየቀው፣ እጁን ይዞ ብዙ ቆየ። አብራው የሄደችው ሚስቱ ለሰው እንዲህ ሲያወራ ካየችው ዘመን ሆኗታል። ጀርባው ላይ ዋግምቱን ደረደረለት፤ በማር የሚበላ የቅጠል ዱቄትም ሰጠው።

«ይሄ ሽንት ቤት ያስሮጣል?» አለ ባሏ፣ የመጣበትን ነገር ሲያነሳ።

«ኧረ በፍጹም።»

«ኪኒኗንስ?»

ሰውየው ፈገግ አለ። «ሾፌር አይደለህ? መሪ ሁለት የሆነበት መኪና የት ይደርሳል?»

በቃ፣ በዚያች ቃል ወሰደው፤ ኪኒኗን ጭራሽ ተዋት።

እሷ ስፌቷ ላይ ተቀምጣ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። እዚያ እንደ ሰው አዋርተውታል፤ ዋግምት የተደረገለት ዕለትም ደህና ይተኛል። ግን ጫማው ዳግመኛ አልወልቅ ብሏል።

«አጥንትህን ያየሁት በኪኒኗ ጊዜ ነው» አለችው አንድ ምሽት፣ ጫማውን እየጎተተች።

«የሰው ሳቅ አልሰማሽማ።»

«ታዲያ ለዶክተሯ ንገራታ።»

«ምን ብዬ? ልጄ የምትሆን ሴት ፊት ቁጭ ብዬ ስለ ሽንቴ ላውጋ?»

«እኔ እነግራታለሁ።»

«ብትነግሪያት ሐኪም ቤት የሚባል አልረግጥም።»

ከኩርፊያው ይልቅ ማሩን ማማሰል ቀለላት። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ቅጠሉ ሥራውን የሚጀምረው ቆይቶ ይሆናል አለች። ተስፋ የሚቆርጥ ልብ አልነበራትም፤ ማንኪያውን እየላሰች፣ «ጣፋጭ መድኃኒት ያገኘህ አንተ ብቻ ነህ» እያለች አበላችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለስላሳው አንድ ፌርማታ ላይ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ አቆመ፣ በር ከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። በሩ ግን አልተዘጋም። ተሳፋሪው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ ተጣራ። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አየር እንደ ውሃ ሲጠጣ አገኙት።

ሐኪም ቤት ደርሳ ሳንባው ውሃ መሙላቱን ስትሰማ የሚስትየው አፍ ተከፈተ። ለወጣቷ ዶክተር አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፤ ዋግምቱን፣ ማሩን፣ ነዳጅ ማደያውን፣ ባልቴቷ ያሉትን ሳይቀር።

ዶክተሯ መጻፏን ተወች። «ሾፌር ናቸው እንዴ? ‹ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው› ነው ያሉኝ። እኔ ቢሮ መስሎኝ...»

«ቁጭ ብሎማ ነው፣ ልጄ።»

«እኔም ደግሜ አልጠየቅኳቸውም።» ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ከሥራ ሲገቡ ሊወስዷት ይችሉ ነበር እኮ። ሰዓቷን ነበር የምንቀይርላቸው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሱ በሽታውን አልደበቀም፤ የደበቀው ሥራውን ነው። እሷ ደግሞ አብራው ደበቀች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ «ሰዓቷን» እያለች ለራሷ ደጋገመችው፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ከሞት ተርፎ ወጣ። ልቡ ግን ከበፊቱ ይልቅ ደክማለችና ሰው ጭኖ መንዳት ቀረ።

አሁን ኪኒኗን ጠዋት ይውጣል፤ ከሰዓት በኋላ ቢያደርጋትም የሚለወጥ ነገር የለም። ሽንት ቤቱ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ነው። ትናንት ገብቶ ብዙ ቆየባት፤ ድምፁም ጠፋባት። ወድቆ እንዳይሆን ብላ ተነስታ በሩን አንኳኳች።

«ሰውዬ፣ ደህና ነህ?»

«አለሁ።»

«ቆየህብኝ እኮ።»

«ምን ያስቸኩለኛል» አላት ከውስጥ። «የሚጠብቀኝ ሰው የለ።»

«እኔስ?» ልትል ነበር። ተወችው፤ ወደ ስፌቷም አልተመለሰች፣ በሩን ተደግፋ እስኪወጣ ጠበቀችው።