ሐሊማ ያለፈችው ፈተና

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፤ እናቴም ሳትሰማው አለፈች። ከሁሉ የሚያሳፍረው ለንስሐ አባቴ እንኳ አለመናገሬ ነው። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ቅዳሴ ማርፈዴን ስዘረዝር ቆይቼ እዚህ ስደርስ እዘለዋለሁ። እሳቸው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ይሉኛል፤ እኔም እንደታሰርኩ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ምን ዓይነት ሴት ናት ትሉ ይሆናል። እኔስ ራሴን ሌላ ምን ጠይቄ አውቃለሁ?

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበር የምንኖረው ከዚራ በሚባለው ሰፈር ነው። ሐሊማ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከመጋላ የምትመጣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጣለን። ሁልጊዜ አንደኛ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ እሷ።

የሒሳብ መምህራችን ህንዳዊ ነበሩ። አገራቸው ሳሉ አንድ ከባድ የአእምሮ ችሎታ ፈተና አልፈው፣ ፈተናውን ያለፉ ሰዎች ብቻ የሚገቡበት ማኅበር አባል መሆናቸውን አጫወቱን። የፈለገ እንዲፈተን፣ ያለፈውንም ስሙን ልከው አባል እንደሚያስደርጉት ነገሩን። ፈተናው ከመጽሐፍ የሚጠና አይደለም። ቅርጾች ተደርድረዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው ነው? ይኸው ነው። እኔ ሱባዔ የያዝኩ ያህል ስጸልይ ሰነበትኩ። ሐሊማ ሳቀችብኝ።

"አቦ፣ ይሄ እኮ እንደ ዳዊትሽ አይደገምም" አለችኝ። "ዝም ብለሽ እዪው።"

አየሁት። ምንም አልታየኝም። ከክፍሉ ያለፈችው ሐሊማ ብቻ ናት።

ብትኮራብኝ ኖሮ ምናልባት በቀለለኝ። እሷ ግን ከትምህርት በኋላ አስቀምጣ ታስጠናኝ ጀመር፤ ድጋሚ እንድፈተን መምህሩን የለመነችልኝም እሷው ናት። ይህ ነው ያበገነኝ። እኔን የምታስጠና እሷ ማን ናት? ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ደጅ በሳምኩበት ከንፈሬ እንዲህ አልኩ።

በትምህርት ቤቱ የወጣቶች ማኅበር በየሳምንቱ ለሂስና ግለ ሂስ እንሰበሰብ ነበር። ተራ በተራ እየተነሳን ጥፋታችንን በሰው ፊት እንናገራለን፤ ራሱን አምርሮ ለወቀሰ ይጨበጨብለታል። ሌላውን የሚከስ ሰው ይጠላል። ራሱን የሚከሰውን ግን ማን ይጠረጥረዋል? ይህን ጠንቅቄ አውቅ ነበር። እጄን አወጣሁ።

"ጓዶች፣ ግለ ሂስ አለኝ" አልኩ። "ውጭ አገር ላለ፣ ዓላማውን ለማላውቀው ማኅበር ፈተና ተቀምጫለሁ። ንቃት ስለጎደለኝ ነው። እኔስ አላለፍኩም። ጓድ ሐሊማ ግን አልፋ ስሟ ተልኳል።"

ሐሊማ ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር። "ወላሂ፣ የቅርጽ እንቆቅልሽ ነው እኮ" አለች። ጥቂቶች ሳቁ። ሰብሳቢው አልሳቀም። እኔም ዞሬ አላየኋትም።

ከተናገርኩት ውስጥ ውሸት የለበትም። ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ። በእውነት፣ ያውም ኑዛዜ በሚመስል እውነት ሰው ገደል ከተትኩ።

በማግስቱ ከክፍል አውጥተው ቀበሌ አሰሯት። ማኅበሩ ምን አዘዘሽ፣ ሌሎቹ አባላት እነማን ናቸው እያሉ ያፋጥጧት ጀመር። ምን ትበል? መምህሩ ወዲያው አገር ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። እሷ ስትፈታ ማትሪክ አልፎ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም መልሶ አልተቀበላትም። ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ቀረች። እናቷ ስንቅ ሲያመላልሱ እኔ ሰሃኑን ይዤ አጅቤያቸዋለሁ። "ያልሸሸሽን አንቺ ብቻ ነሽ፣ ልጄ" ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። በዚያ አፌ አሜን አልኩ።

እኔ ደግሞ በግለ ሂስ አርአያ ናት ተብዬ የወጣቶች ማኅበሩ ደገፈኝ፤ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ተላክሁ። እዚሁ ላይፕዚግ ቀረሁ፤ ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ጡረታ ወጣሁ። በሰንበት የምንገናኝ ያገሬ ሰዎች ያን ጊዜ ሲያነሱ "ዘመኑ ነው" ይላሉ። ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዘመኑ ነው እጄን ያወጣልኝ? ዘመኑ ነው ቃሉን መርጦ አፌ ላይ ያስቀመጠው? ልጅ ነበርን የሚሉም አሉ። ሐሊማስ ልጅ አልነበረችም?

ባለፈው ዓመት ድሬ ሄጄ ነበር። ሐሊማን የአባቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስትለካ አገኘኋት። አቅፋ አልለቅ አለችኝ። "ይቺን ታያላችሁ?" አለች ለደንበኞቿ፣ "ከክፍላችን አንደኛ ነበረች። ጀርመን የወሰዳት ጭንቅላቷ ነው።" እኔ ፈገግ አልኩ። ሰው ሲወጣላት ጠብቃ፣ ያንን ስብሰባ ራሷ አነሳችው።

"ፈርተሽ ነው የተናገርሽው፤ ቂም የለኝም" አለችኝ። "አቦ፣ ያኔ ያልፈራ ማን አለ?"

ራሴን ነቀነቅኩ። ያን ሁሉ ዓመት ቆይቼ፣ ባሕር ተሻግሬ ሄጄ፣ ፊቷ ቆሜ፣ አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። የሰጠችኝ ይቅርታ ለፈራች ልጅ የተሰጠ ነው። እኔ ያቺ ልጅ አይደለሁም፤ ያልተሰጠኝን ተቀብዬ መጣሁ። ስለዚህ ዛሬ ይቅርታ አልለምንም፤ ይህን ጽሑፍ ከሁሉ በፊት የምታነበው እሷ ናት፤ ከዚያ የፈለገችውን ትበለኝ።

ሐሊማ፣ አልፈራሁም ነበር። ቀንቼብሽ ነው።